ጉልበቴ ሽምግልና የተላከ ዕለት

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ «ብርድ መታው» የተባለ ሰው ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ቤቴ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሚያዝያ ላይ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው ከጥላ ወደ ጥላ ሲሸሹ፣ እኔ ግራ ጉልበቴን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሻርፑ የባለቤቴ ነው፤ ሮዝ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ጉልበቴን።»

«ብርድ ነው» ይለኛል፣ የግንባሩን ላብ በጣቱ ጠርጎ መሬት ላይ እያራገፈ።

«ከየት መጥቶ?»

«ኧረ እሱ አድብቶ ነው የሚገባ።»

እኛ ይፋቶች እንዲህ ነን። እዚህ ቆላ ውስጥ ብርድን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ግን እንደ ሰይጣን ነው፣ ስላልታየ የሌለ አይመስለንም። ወገብ ሲያም ብርድ ነው። ጥርስ ሲያም ብርድ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሬዲዮ ድምፁ ቢጎረንን እሱንም ብርድ መታው ሲሉ ሰምቻለሁ። የኔ ምርመራ ደግሞ ጠለቅ ያለ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ ስለኖርኩ፣ ብርዱ የገባብኝ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መስኮት ከፍቼ ሳልፍ ነው ተብሎ ተወሰነ። ያ ዋሻ ብርዱን ስንት ዘመን ተሸክሞ ቆይቶ ለጡረታዬ አስረከበኝ ማለት ነው። ከጡረታ አበሉ ይልቅ እሱ በሰዓቱ ይደርሳል።

እኔ በበኩሌ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ግራ እግር የፍሪሲዮን እግር ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ድረስ ያለውን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሰው፣ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስንቴ እንደሚረገጥ አይጠፋውም። ስለዚህ ኩሽኔታው አልቋል፣ ግራሶው ደርቋል፤ ሲታጠፍ የሚንቋቋውም ለዚህ ነው። መኪና ቢሆን አስፈትቼ አስቀይረው ነበር። ለሰው ግን የመለዋወጫ ሱቅ የለም፤ ቢኖርም ለኔ ሞዴል ዕቃ አይመጣም።

ቢሆንም ከጉልበቴ ጋር ተስማምተን እንኖር ነበር። እሱ ያማል፣ እኔ አልነሳም። ውሃ ሲጠማኝ «እስቲ ውሃ» እላለሁ፤ ባለቤቴ ታመጣለች፤ ስታመጣም ስትመልስም ትናገራለች። ይህ ሰላም የተበላሸው የወንድሜን ልጅ ማግባት ሲያምረው ነው።

ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ እኛ ቤት ነው ያደገው። እሱም እንደኔ ሾፌር ሆነ፤ ከዚህ ሽንኩርት ጭኖ ሽቅብ ይወጣል። ደብረ ሲና ላይ ለሻይ የሚቆምበት ጊዜ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ ሽንኩርቱ መኪናው ላይ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነገር እንዳለ ጠረጠርን። ነበረ። የደብረ ሲና ልጅ ናት፣ መምህርት ናት፣ እሷም እሺ ብላለች። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ በአገሩ የታወቁ ናቸው፤ የታወቁትም በአንድ ነገር ነው። መቼም ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ቆሞ ነው የሚናገር። «ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳይ ይዘናል፤ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላል። ዛሬ ዛሬ ይህ ለወጉ ያህል ሆኗል፤ ሽማግሌው አንዴ እምቢ ይልና ሶፋው ውስጥ ይሰምጣል። እኚህ ሰው ግን ዛሬ ዛሬ የሚባል ነገር አያውቁም። ለዚችው ልጅ ከዚያ በፊት ከሌላ ቤት ሽማግሌዎች ተልከው ነበር። አንደኛው ዳገቱ አድክሞት ነው መሰለኝ፣ ነገሩ ሳይነሳ ቁጭ አለ። አባትየው አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ጠላ አስቀዱ፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ አጫወቷቸው። እንግዶቹ ጉዳዩን ሊያነሱ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ «ተቀምጣችሁማ!» አሏቸው። «ተቀምጦ የሚጠየቅ ጠላ ነው። ልጅ ቆሞ ነው የሚጠየቅ።» እስከ በር ድረስ በክብር ሸኟቸው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ ሽማግሌ ሊሄድልኝ ነው። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«እንዴታ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ደረቴ ደህና ነው፤ አሞኝ አያውቅም።

«መቆም ይችላሉ?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቋ ቀድሟት ወጣች። «ይሄ? ውሃ ለመቅዳት የማይነሳው? ልጄ፣ ይሄንን ይዘህ ከሄድክ ሚስት ሳይሆን ጠላ ነው የምታመጣ።»

ልጁ አልሳቀም። «ሌላ ሰው አልፈልግም» አለ። «አባቴ ቢኖር እሱ ይጨነቅልኝ ነበር። አሁን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እስከዚያ ጉልበቴን አድነዋለሁ» ብዬ ፎከርኩ። በምን እንደማድነው ግን አልተናገርኩም፤ አላውቅማ።

ወሬው ሲሰማ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንደሌለ አወቅሁ። አንዱ ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ አለኝ፤ በግቢያችን ያለው የሽፈራው ዛፍ በሳምንት ውስጥ እንደ ምልምል ወታደር ተላጨ። አንዷ እርድ በወተት አለችኝ፤ ነጠላዬ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ ጉልበቴ አልተለወጠም። የወንድሜ ልጅ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሎሚ በባዶ ሆድ፣ ሎሚ በባዶ ሆድ እያለ ይጮሃል። ሎሚውን በባዶ ሆዴ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን ትቼ ሆዴን ማከም ጀመርኩ።

ባለቤቴ ደግሞ ሰናፍጭ ፈጭታ በጨርቅ አድርጋ ጉልበቴ ላይ አሰረችው። «አትፍታው» ብላ ገበያ ሄደች። እኔም ታዛዥ ባል ነኝ፤ እንባዬ እየወረደ አልፈታሁትም። ስትመለስ ቆዳዬ እንደ በርበሬ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

«ሕመሙስ?» አለችኝ።

«ጠፋ።»

«አላልኩህም?»

እውነት ነው፤ ቃጠሎው አስረስቶኛል። ይህ ፈውስ ከተባለማ ዱላም ፈውስ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ በድምፅ ማጉያ የሚጮህ ቅባት ሻጭም ነበር። ለቁርጥማት፣ ለኪንታሮት፣ ለራስ ምታት፣ ለዓይነ ጥላ፣ ሥራ ለጠፋበት! አንድ ቅባት ይህን ሁሉ ከቻለ ለምን እሱን ራሱን ሽማግሌ አንልከውም ብዬ ሳስብ ቆየሁና ገዛሁት። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍት ሽታው የድሮ ወዳጅ ሆነብኝ። በሁለት ጣቴ አሸሁት። ካምፎር ጣል የተደረገበት የኩሽኔታ ግራሶ ነው! በዚህ እጄ ስንት ጎማ ቀብቼበታለሁ! ተናድጄ ልጥለው ስል ግን ቆም አልኩ። ኩሽኔታው ነው ያልኩት እኔው ራሴ አይደለሁ? ሰውየው ምርመራዬን አምኖ ነው መድኃኒቱን ያዘዘልኝ።

ከሐኪሞቼ ሁሉ በላይ የነበረው ግን ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። ከአሊዩ አምባ ወገን ነው የመጣው፤ በጉልምስናው ግመል ሲነዳ የኖረ ነጋዴ ነው። እኔ በመኪና፣ እሱ በግመል፣ ሁለታችንም ስንጭን ኖረን መጨረሻ ላይ ያራገፍነው ጉልበታችንን ነው። እኔ «ሀጂ» እለዋለሁ። ሐጅ ሄዶ አያውቅም፤ «ጉልበቴ ሲሻለኝ ኢንሻ አላህ» እንዳለ ነው። እሱ ደግሞ «ሾፌር» ይለኛል።

«አብሽር ሾፌር!» አለኝ። «ያንተ መድኃኒት የወንዙ አሸዋ ነው። ቀትር ላይ እስከ ወገብህ ትቀበራለህ። ግመል አሸዋ ላይ ነው የምትተኛ። ግመል ጉልበቴን አመመኝ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ግመልኛ አልችል።»

«እኔ እችላለሁ። ብላ አታውቅም።»

በባጃጅ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድን። ውሃው አንድ ዳር ይዞ ቀጥኗል፤ የቀረው አሸዋ ነው፣ ያውም ሽሮ የሚያፈላ አሸዋ። ሀጂ በአካፋ ቆፈረልኝ፤ ገባሁ፤ መለሰብኝ። የባለቤቴን ሮዝ ሻርፕ ከፀሐይ እንዲከልለኝ ራሴ ላይ ጠመጠምኩ። ከዚያ ሙቀቱ ወደ አጥንቴ ዘለቀ፤ እንዲያ ያለ ደስታ ካገኘሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሀጂ ዙህር ደርሷል ብሎ ወደ ግራሩ ጥላ ሄደ። ሰገደ። ከሰገደ በኋላ ጋደም አለ። ጋደም ካለ በኋላ ማንኮራፋቱ ይሰማኝ ጀመር።

አሁን ልውጣ ብል የማን ጉልበት ያውጣኝ? ጉልበቴማ የተቀበረው እሱ ነው። «ሀጂ!» እላለሁ፤ ያንኮራፋል። በዚህ መሀል ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ወንዙን ሊሻገሩ መጡ። ከመሬት የበቀለ፣ ሮዝ የጠመጠመ ሽማግሌ ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

«ኢና ሊላሂ!» አለች አንደኛዋ። «ግማሹን ቀብረውት ሄደዋል!»

«እንደምን ዋላችሁ» አልኳቸው።

ሁለተኛዋ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። የመጀመሪያዋ ጀግና ናት፤ ተጠግታ ብብቴን ይዛ እንደ ካሮት ነቀለችኝ። «አባቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረገዎት?» ስትለኝ ወደ ግራሩ ጠቆምኩ። ሀጂ የነቃው በሷ ስድብ ነው።

ቤት ስደርስ ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ገብቷል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዕድሩ ሳይሰማ ነው የምትቀበር? ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፍቶ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ጉልበቴ ቀሎኝ ነበር። ቆዳዬ ግን ተላጠ፤ በነጋታውም ጉልበቴ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ። የሽምግልናው ቀን እየቀረበ ነው። የወንድሜ ልጅ አይጠይቀኝም፤ ስገባ ስወጣ እግሬን ብቻ ያያል። ይህ ከጥያቄ ይብሳል።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ጉልበቴን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሲንቋቋ ሰማች።

«ብርድ ነው አይደል?» አልኳት ቀድሜ።

«አይደለም አባባ። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ሳስቷል። ዕድሜ አለ» አለችና ዓይኗን ሆዴ ላይ ጣል አድርጋ «ክብደትም አለ» ብላ ጨረሰች። «እንደ አዲስ አይሆንም፤ ግን ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ሕመሙ ይቀንሳል። ጠዋት በሞቀ ጨርቅ ያሙቁት፤ የሚያቃጥል ሳይሆን ሞቅ ያለ። በመጠኑ ይራመዱ። ደግሞ ወንበር ላይ ሆነው በእጅዎ ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ በየቀኑ።»

«መድኃኒቱስ?»

«አሁን የነገርኩዎት ነው።»

«መነሳትና መቀመጥማ እናቴ አስተምራኛለች።»

«እስቲ ይነሱ» አለች።

ተነሳሁ። ስነሳ የያዝኩት ጠረጴዛዋን፣ ካርዶቿንና የባለቤቴን ትከሻ ነው። ነርሷ ምንም አላለችም፤ ባለቤቴ ግን መንገዱን በሙሉ አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ አይመጣልኝም። ማሰሮውን ከበረንዳው ማዶ ጥግ አስቀምጣ «ሲጠማህ ተነስ፤ በእጅህ ከያዝክ አይቆጠርም» አለችኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከመነሳት ጥማት መረጥኩ። ኋላ የቆላው ሙቀት አስገደደኝ። እያቃሰትኩ እነሳለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እያቃሰትኩ እቀመጣለሁ። ብዙ ሳይቆይ ከግድግዳው ወዲያም ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሀጂ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ያንተን ነርስ እየሰማሁ። ሾፌር፣ አንተ መቀመጥ ላይ ነው የምትበላሽ፤ እንደ ጆንያ ትወድቃለህ። ግመልን እይ። ግመል በአንዴ አትቀመጥም። መጀመሪያ የፊቷን ታጥፋለች። ታስባለች። የኋላዋን ታጥፋለች። ትሳደባለች። ከዚያ ነው የምትቀመጥ።»

ቀኑ ደረሰ። ጉልበቴ ድኗል አልልም፤ ግን ተሻሽሏል፤ ያለ ድጋፍ እነሳለሁ፣ ጥቂትም እቆማለሁ። ባለቤቴ ይህን አምና ዝም ብትል ጥሩ ነበር። እሷ ግን «ለመንገዱ» ብላ የበግ ላት በነጭ ሽንኩርት አቅልጣ ከጭኔ እስከ ባቴ ለቀለቀችኝና ሱሪዬን በላዩ አለበሰችኝ። ቀኑ ቅዳሜ በመሆኑ አመሰገንኩ፤ ዓርብ ቢሆን ጉልበቱ ጾም ገደፈ እባል ነበር።

ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ ሀጂ እና የንስሐ አባቴ። ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘዋል። እሳቸው ሌሊቱን ማህሌት ቆመው የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ ስለ መቆም አይጨነቁም። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ግራ እግሬ ባዶ ወለል ላይ ፍሪሲዮን ይረግጥ ጀመር። ደብረ ሲና ስንወርድ እውነተኛው ብርድ ፊቴን ገጨኝ። «ለካ አንተ ነህ!» አልኩት። «ስናማህ የኖርነው!»

ልጅቷ ቤት ደረስን። አባትየው ግድግዳ ዳር ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩን «ኖር!» ብለው ሊነሱ ተንቀሳቀሱ።

«በእግዜር! አይነሱ» አልኩ፣ ከልቤ።

«እንግዳ መጥቶ!» ብለው ተነሱ። ግን አነሳሳቸውን አየሁት። ሁለት እጅ ጭን ላይ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከንፈር ንክስ፣ ከዚያ ቀጥ። ይህን አነሳስ አውቀዋለሁ። የሙያ ባልደረባዬ ናቸው።

«ግቡ፤ ተቀመጡ።»

የበግ አጎዛ የተነጠፈበት ሰፊ መቀመጫ አለ። ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ አየው።

«እንቀመጣለን» አልኩ። «ግን ጉዳይ ይዘናል። መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም።»

«እንግዲያው እኔም ቆሜ ነው የምሰማ» አሉ።

ስለዚህ ቆምን። ቄሱ መቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ተመቻቹ። የባልንጀራህን አትመኝ የሚለውን ትእዛዝ በዚያ መቋሚያ ላይ ነው ያፈረስኩት። ተናገርኩ፤ ልጃችን እንዲህ ነው፣ ጠባዩ እንዲህ ነው፣ ለእርስዎም ልጅ ሊሆን ይፈልጋል አልኩ። ሰውየው አዳምጠው ሲያበቁ «መልካም» አሉ። «ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ።»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ነው። ግን ሰባት ቤት ቆሞ ሲቆጠር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያውቅ የቆመ ነው። አባቱን ጠራሁ፣ አያቱን ጠራሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ እግሬን አንድ ነገር አረጠበኝ። የቤቱ ውሻ ነው። ትልቅ፣ ጆሮ ቆራጣ ውሻ። ላቱ ሙቀት ሲያገኝ በሱሪዬ በኩል ወዝቶ ኖሯል፤ ውሻው ጉልበቴን ዙሪያውን በትጋት ይልሳል። ጎንበስ ብዬ ላባርረው አልችል፤ ጎንበስ ካልኩ አልቃናም። ብራገጥ የቆምኩበት ሌላ እግር የለኝ። መቁጠሬን ቀጠልኩ።

«ቆይ» አሉ አባትየው። «ከአራተኛው ወደ ስድስተኛው ዘለሉ። አምስተኛው የት ሄደ?»

«ማርሽ ዘለልኩ» አልኩ። «ይቅርታ፤ ልመልሰው።»

አምስተኛውን መለስኩ፤ ሰባት ሞላሁ። ሀጂ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ ይመስላል። አባትየው ግን ወደ ዘሩ አልተመለሱም። ውሻውን ያያሉ።

«ይሄ ውሻ ሰው አይለምድም ነበር» አሉ በቀስታ። «ምን ቢቀቡ ነው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ውሻው ግን ምስክር ነው። «ላት ነው» አልኩ። «በነጭ ሽንኩርት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝንጅብል አልገባበትም?» አሉ።

«አልገባም።»

«ዝንጅብል ያስፈልገዋል። ለየትኛው ነው?»

«ለግራው።»

«የኔ ቀኙ ነው። ምንድነው አሉዎት?»

«ብርድ ነው አሉኝ።»

«እኔንም። ቆላ ውረድና ይለቅሃል ይሉኛል።»

«እኔ እኮ ቆላው ውስጥ ነኝ!»

ሰውየው ሳቁ። ሲስቁ የቀኝ እግራቸው ከዳቸውና ግድግዳውን ያዙ። እኔም ሳቅሁ፤ የሀጂን ትከሻ ያዝኩ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸውን አብሰው «እንግዲያው የታመመ ሰው ነዎት፤ ወጉም ለጤነኛ ነው፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ከልባቸው ይሁን ሊፈትኑኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎዛው እንደ ደመና ነጭ ነው። ጉልበቴ «ሰምተሃል፣ ተፈቅዷል» አለኝ። እኔ ግን ያ ልጅ ስገባ ስወጣ እግሬን ሲያይ ትዝ አለኝ።

«አይሆንም» አልኩ። «ልጁ አባት የለውም። አባቱ ሞቶ እኔ ቀረሁ። ስኖር ብዙ ነገር ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፤ ስለሱ የምቆምበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው። እሺም ይበሉኝ እምቢም፣ ሳልሰማ አልቀመጥም። ውሻው በልቶ ቢጨርሰኝም።»

ሰውየው አላቅማሙም ልል አልችልም፤ ዞረው ወደ ጓዳው አዩ። የጓዳው መጋረጃ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ ወደኔ ተመለሱ።

«እሷን ጠይቄያት እሺ ብላለች። ልጅ ሰጥተናል። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ተመስገን! ሁሉም ወደኔ ዞረ። ታላቁ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ጉልበቴን «ይኸው፣ ታጠፍ» አልኩት። አልታጠፈም። እንደገና አዘዝኩት። ፍሪሲዮኑ ነክሶ ቀርቷል። ለመቆም ስንት ቀን ያለማመድኩት ጉልበት ዛሬ መቆም ጥሞት እምቢ አለ።

አራት ሽማግሌ ቆሞ ይተያያል። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«መጀመሪያ» አልኩ፣ መዳፌን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ «እንመርቅ!»

«አሜን!» አሉ።

መረቅሁ። ልጆቹን መረቅሁ፣ ቤቱን መረቅሁ፣ ገብሱን መረቅሁ። ጉልበቴን በስውር ሞከርኩት፤ አልታጠፈም። ላሞቹን መረቅሁ፣ ዝናቡን መረቅሁ፣ የቆላውን ሽንኩርት መረቅሁ። አልታጠፈም። ዳገቱንና የሚወጡትን መኪኖች መረቅሁ፤ ውሻውን ሁሉ መረቅሁ። ቄሱ በመገረም ያዩኛል፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ስጸልይ አይተውኝ አያውቁም። አባትየው መጀመሪያ «አሜን» ይሉ የነበሩት በደስታ ነው፤ ኋላ በትዕግሥት፤ ኋላ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«አሜን... አሜን... ወንድሜ፣ ይደርሳል፣ ደርሷል፤ የኔም እግር ሰው ነው» አሉ።

ይሄኔ ሀጂ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። «ሾፌር። ግመል።»

እጄን ለአባትየው ዘረጋሁ፤ ያዙኝ። ምን እንደፈለግሁ ሳልነግራቸው ገባቸው። ተያይዘን ጀመርን። የፊታችንን አጠፍን። አሰብን። የኋላችንን አጠፍን። ተሳደብን፤ እሳቸው በሰይጣን ስም፣ እኔ በጣርማ በር ዋሻ ስም። ከዚያ ሁለታችንም አጎዛው ላይ በአንድ ጊዜ አረፍን። ሀጂ «ማሻ አላህ» አለ። ቄሱ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

ገና ትንፋሻችን ሳይመለስ የልጅቷ እናት ሊስሙን ከጓዳ ወጡ። የሙሽራ እናት ናቸው፤ ተቀምጦ የሚቀበላቸው ጨዋ የለም።

«ኖር!» አልን ሁላችንም።

እኔና አባትየው ተያየን። እጃችን ጭናችን ላይ አረፈ፤ ትንፋሽ ወሰድን፤ ከንፈራችንን ነከስን።

«በእግዜር! አትነሱ» አሉ እናት።

በዕድሜዬ ብዙ ትእዛዝ ሰምቻለሁ፤ የትራፊክ፣ የኬላ፣ የነርስ፣ የሚስት። ያንን የመሰለ በደስታ የፈጸምኩት የለም። እንዲያም ሆኖ ተቀደምኩ፤ ጀርባቸውን አጎዛው ላይ አስቀድመው የጣሉት አባትየው ናቸው።